ዋይት ሃውስ ከአይሁድ ማኅበረሰብ ጋር የተጻጻፈባቸውን ማኅደሮች የመፈለግና የማንበብ ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ቤተ መዛግብት ውስጥ ከተደረደሩት ሳጥኖች ጥቂት የማይባሉት የያዙት፣ ዋይት ሃውስ ከአገሪቱ የአይሁድ ማኅበረሰብ ጋር የተጻጻፈውን፣ የተመካከረውንና አንዳንዴም የተኳረፈውን ነው። በውስጣቸው የግብዣ ዝርዝሮች፣ የበዓል መልካም ምኞት ረቂቆች፣ ከስብሰባ በፊት ለፕሬዚዳንቱ የተዘጋጁ ማስታወሻዎች፣ ከየድርጅቱ የመጡ አቤቱታዎችና የመልሶቻቸው ግልባጮች ይገኛሉ። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳይ አላቸው፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ በተደጋጋሚ ከሚነሱት ጉዳዮች አንዱ የጎንደርና የትግራይ ቤተ እስራኤላውያን ዕጣ ነበር። ይህ መመሪያ የተጻፈው የቤተሰቡን የጉዞ ታሪክ ከመንግሥት ወረቀት ጋር ማስተያየት ለሚፈልግ፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ ምንጭ ለሚያፈላልግ ተማሪና እንዲህ ያለ ማኅደር ከፍቶ ለማያውቅ ተመራማሪ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ናቸው ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ። እነዚህ ማኅደሮች የሚያሳዩት መንግሥት ለማኅበረሰቡ ምን እንደ ተናገረና ከማኅበረሰቡ ምን እንደ ሰማ እንጂ ምን እንደ ወሰነ አይደለም። ውሳኔው የተጻፈበት ወረቀት በሌላ ሳጥን፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ከተማ ነው። ይህን የዘነጋ ተመራማሪ አንድ የምስጋና ደብዳቤ አግኝቶ የፖሊሲው ምክንያት በእጁ የገባ ይመስለዋል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ ስሕተት ለመጠበቅ የተደረደሩ ናቸው።

አንደኛ እርምጃ፦ ጥያቄውን በጊዜ መወሰንና ቤተ መዛግብቱን መለየት

የአሜሪካ መንግሥት የፕሬዚዳንቶችን ወረቀት በአንድ ሕንፃ ውስጥ አያስቀምጥም። ከኸርበርት ሁቨር እስከ ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ድረስ ያሉት ፕሬዚዳንቶች እያንዳንዳቸው በብሔራዊው የቤተ መዛግብት አስተዳደር ሥር የሚተዳደር የየራሳቸው ቤተ መዛግብት ስላላቸው፣ «ዋይት ሃውስና አይሁድ» የሚል ሰፊ ጥያቄ ይዞ መነሣት በየግዛቱ መንከራተትን ያስከትላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዓመቱን፣ ቀጥሎ ፕሬዚዳንቱን፣ ከዚያ በዚያ ጊዜ የአይሁድ ማኅበረሰብን ጉዳይ የያዘውን ባለሥልጣን ይለዩ፤ የማኅደሩ ስም የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ባለሥልጣን ስም ነውና።

በሃሪ ትሩማን ዘመን ይህን ሥራ የያዘው ዴቪድ ናይልስ ነበር፤ አሜሪካ ለእስራኤል እውቅና የሰጠችበትን ሜይ 14 ቀን 1948 የሚያጠና ሰው ሚዙሪ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ ወደ ተባለችው ከተማ ይሄዳል። የአይዘንሃወር ረዳት የነበረው የማክስዌል ራብ ጉዳይ ካንሳስ ውስጥ በአቢሊን፣ በኬኔዲ ዘመን የማየር ፌልድማን ሥራ በቦስተን፣ የኒክሰን አማካሪ የነበረው የሊዮናርድ ጋርመንት ሥራ ካሊፎርኒያ ውስጥ በዮርባ ሊንዳ ይፈለጋል። በጄራልድ ፎርድ ጊዜ፣ በ1974፣ ዋይት ሃውስን ከልዩ ልዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች ጋር የሚያገናኝ ራሱን የቻለ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ፍለጋው ቀለል ይላል፤ ምክንያቱም ግንኙነቱ በአንድ ረዳት ትውውቅ ላይ ከመንጠልጠል ወጥቶ ቋሚ መዋቅር አግኝቷል። የካርተር ወረቀቶች አትላንታ ውስጥ ሲሆኑ፣ ማርክ ሲግል፣ ኤድዋርድ ሳንደርስና አልፍሬድ ሞዝስ የተባሉትን ተከታታይ ተወካዮች ስም ይዞ መጠየቅ ይጠቅማል። ሲግል በማርች 1978 በመካከለኛው ምሥራቅ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ጉዳይ ከሥራው መልቀቁ ራሱ አገናኝ ባለሥልጣን በሁለት ወገን መካከል ምን ያህል እንደሚጨነቅ ያሳያል። የሮናልድ ሬገን ቤተ መዛግብት በሲሚ ቫሊ፣ ካሊፎርኒያ ነው፤ ጄከብ ስታይን፣ ማይክል ጌል፣ ማርሻል ብሬገርና ማክስ ግሪን በየተራቸው ይህን ወንበር ይዘውታል። የጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ወረቀቶች ደግሞ በኮሌጅ ስቴሽን፣ ቴክሳስ ይገኛሉ።

ለቤተ እስራኤል ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። የሙሴ ዘመቻ ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ድረስ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎችን ከሱዳን ያወጣ ሲሆን፣ ይህ የብሬገር ጊዜ ነው። የሰሎሞን ዘመቻ በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ ያጓጓዘ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ የቡሽ ዘመን ነው።

ሁለተኛ እርምጃ፦ የወረቀቱን ሁለት መንገድ ማወቅ

በአገራችን መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ክፍል በቀላሉ ይረዳዋል። ገቢ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል፤ ኃላፊው በጠርዙ ላይ ትእዛዝ ይጽፍበታል፤ መልሱ ወጪ ሆኖ ሲላክ ግልባጩ ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል። ዋይት ሃውስም እንዲሁ የራሱ መዝገብ ቤት አለው፤ ወረቀትንም በርእስ ከፋፍሎ በፊደልና በቁጥር መለያ ያስቀምጣል። ሁለት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት የርእሱ መለያ ናቸው፤ «ሲኦ» አገሮችን፣ «ኤችዩ» ሰብአዊ መብትን፣ «አርኤም» የሃይማኖት ጉዳዮችን፣ «አይኤም» ስደትንና ዜግነትን፣ «ኤፍኦ» የውጭ ጉዳይን ያመለክታሉ። ከአይሁድ ማኅበረሰብ የመጣ አንድ ደብዳቤ እንደ ይዘቱ ከእነዚህ በየትኛውም ሥር ሊገባ ስለሚችል፣ «የሃይማኖት ጉዳዮች» በሚለው ብቻ የፈለገ ሰው ስለ ሶቭየት አይሁዶች ወይም ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን ያጣል፤ እነዚያ በአገር ስም ወይም በሰብአዊ መብት ሥር የተቀመጡ ናቸውና።

ሁለተኛው መንገድ የሠራተኛው የግል የሥራ ማኅደር ነው። አገናኝ ባለሥልጣኑ በጠረጴዛው ዙሪያ ያከማቸው፣ በራሱ አሰያየም ፎልደር ያወጣለት፣ ሥራውን ሲለቅ በካርቶን ታሽጎ የተላከ ወረቀት ነው። በሬገንና በቡሽ ቤተ መዛግብት እነዚህ ካርቶኖች «ኦኤ» በሚል መለያ የሚጀምር ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩን በጥንቃቄ ይመዝግቡ፣ ሳጥኑ የሚጠራው በእርሱ ነውና። በእኔ አመለካከት ጀማሪ ከዚህኛው መጀመር አለበት። የመዝገብ ቤቱ ፋይል የተሟላ ቢሆንም ደረቅ ነው፤ የሠራተኛው ማኅደር ግን ያልተላኩ ረቂቆችን፣ በእጅ የተጻፉ የስልክ ማስታወሻዎችንና «ይህን ሰው አስቀድመን ብናነጋግረው ይሻላል» ዓይነት ምክሮችን የሚያገኙበት ቦታ ነው።

ለሁለቱም መንገዶች ማውጫ ተዘጋጅቷል። የየቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ የሠራተኞችን ማኅደር ከነፎልደር ርእሱ ይዘረዝራል፤ የተወሰኑ ፎልደሮችም ተቃኝተው በኢንተርኔት ይነበባሉ። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ማውጫውን ከላይ እስከ ታች ያንብቡ፤ የሚፈልጉትን ርእስ ብቻ ሳይሆን ከጎኑና ከበታቹ ያሉትንም ይመልከቱ። የፎልደር ርእስ የጸሐፊዋ ወይም የረዳቱ ምርጫ እንጂ የይዘቱ ትክክለኛ መግለጫ ላይሆን ይችላል፤ «ልዩ ልዩ» የሚል ስም ያለው ፎልደር ደግሞ በልምድ ሲታይ ሊናቅ የማይገባው ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ በዘመኑ ቃል መፈለግ

ይህ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚከብድና የሚቆጠቁጥ እርምጃ ነው። ዛሬ «ቤተ እስራኤል» የምንለውን ሕዝብ የዚያ ዘመን የአሜሪካ ባለሥልጣናት በአብዛኛው የጻፉት «ፈላሻ» በሚለው፣ ማኅበረሰቡ ራሱ በማይወደውና አገር አልባነትን በሚያመለክተው ስም ነው። ቃሉን በራስዎ ጽሑፍ መጠቀም አይገባም፤ በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ካላስገቡት ግማሹ ማኅደር አይገኝም። በነጠላም በብዙ ቁጥርም ይሞክሩት። «የኢትዮጵያ አይሁዶች» እና «ቤታ እስራኤል» የሚሉትን የእንግሊዝኛ አጠራሮችም በተከታታይ ይፈልጉ። የቦታ ስሞችን የሚጽፉበት መንገድ እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ ጎንደር አንድ ጊዜ በ«ኤ» ሌላ ጊዜ በ«ኢ» ይጻፋል።

ከዚህም በላይ ሥራው በምስጢር የተያዘ ስለነበር ስሙ ጨርሶ ላይጠቀስ ይችላል። ከሱዳን የተደረገውን ማውጣት የሚመለከት ወረቀት «ሱዳን»፣ «ስደተኞች» ወይም «ድርቅና እርዳታ» በሚል ርእስ ሥር ሊቀመጥ ይችላል፤ 1984 የረሃቡ ዓመት እንደ ነበረ ማስታወስ ፍለጋውን ያሰፋል።

ቀኑንም ይጠንቀቁ። አሜሪካውያን ወሩን ከቀኑ ያስቀድማሉ፤ 3/5/85 የሚለው ማርች 5 እንጂ ሜይ 3 አይደለም። የቤተሰብ አዛውንት የነገሩዎት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሚሆን አስቀድመው ይለውጡት፤ የሰሎሞን ዘመቻ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ የሙሴ ዘመቻም ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ይይዛል። «በሰባ ሰባት ወጣን» ያለ ሰው የተናገረው ስለ 1984ና 1985 መሆኑን የማያውቅ ተመራማሪ ወደተሳሳተው ፕሬዚዳንት ይሄዳል።

አራተኛ እርምጃ፦ ለመዛግብት ባለሙያው መጻፍና ሕጉን መረዳት

ማውጫውን ከጨረሱ በኋላ ለቤተ መዛግብቱ የማጣቀሻ ክፍል በኢሜይል ይጻፉ። ደብዳቤዎ አጭር ይሁን፤ የሚያጠኑትን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሚፈልጉትን ጊዜ ከወር እስከ ወር፣ የባለሥልጣኑን ስም፣ ከማውጫው የለዩአቸውን የፎልደር ርእሶችና ቁጥሮች፣ መምጣት የሚፈልጉበትን ሳምንት ይግለጹ። በመጨረሻም «ከዚህ ጋር የተያያዘ ያላየሁት ስብስብ ይኖር ይሆን?» ብለው ይጠይቁ። ባለሙያው ስብስቡን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ይህች ጥያቄ ብዙ ቀናት ታተርፋለች።

ሕጉን በተመለከተ መለያው መስመር ሬገን ነው። የ1978ቱ የፕሬዚዳንት መዛግብት ሕግ ከጃንዋሪ 20 ቀን 1981 ጀምሮ የተፈጠሩትን ወረቀቶች የሕዝብ ንብረት አደረጋቸው፤ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን በለቀቀ በአምስት ዓመቱም ማንኛውም ሰው፣ የአሜሪካ ዜጋ ባይሆንም እንኳ፣ በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። የካርተርና ከዚያ በፊት የነበሩት ወረቀቶች አብዛኞቹ በስጦታ ውል ስለ ተላለፉ ይህ የጥያቄ መንገድ አይሠራባቸውም፤ ምስጢራዊ ምልክት ያለባቸውን ለማስከፈት ግን ምስጢራዊነቱ እንደገና እንዲመረመር ማመልከት ይቻላል።

ፎልደር ሲከፍቱ ከፊት ለፊቱ ከውስጡ የተነሡትን ሰነዶች የሚዘረዝር ቅጽ ያገኛሉ። ብዙዎች ዘለውት ያልፋሉ፤ ስሕተት ነው። ቅጹ የተነሣውን ሰነድ ዓይነት፣ ላኪና ተቀባዩን፣ ቀኑንና የገጹን ብዛት ስለሚናገር፣ ይዘቱን ባያዩም እንኳ በዚያ ቀን ማን ለማን እንደ ጻፈ ያውቃሉ። ከጎኑ ያለው መለያ የተነሣበትን ምክንያት ይገልጻል፤ «ፒ1» የአገር ደኅንነት ምስጢርን፣ «ፒ5» የፕሬዚዳንቱንና የአማካሪዎቹን የምክር ልውውጥ፣ «ፒ6» የግለሰብን የግል ሕይወት ያመለክታል። «ፒ5» ለ12 ዓመት ብቻ የሚጸና ነው። በሬገን ማኅደር ይህ ጊዜ በጃንዋሪ 2001፣ በጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ ማኅደር በጃንዋሪ 2005 አብቅቷል። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ብቻ የተነሣ ሰነድ በቅጹ ላይ ካዩ ቅጹ ከዚያ ቀን በፊት የተሞላ ሊሆን ስለሚችል፣ ሰነዱ ዳግም እንዲታይ መጠየቅ ይገባዎታል። «ፒ1» እና «ፒ6» ግን ከ12 ዓመትም በኋላ ሊቀጥሉ ይችላሉ።

አዲስ የመረጃ ነፃነት ጥያቄ ሲያቀርቡ ጠባብ ያድርጉት። «ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶች ያለው ሁሉ» የሚል ጥያቄ ወረፋው መጨረሻ ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ «የእገሌ ማኅደር፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 1985» የሚለው በጣም ይሻላል። አስቀድሞ በሌላ ሰው ጥያቄ የተከፈተ መኖሩንም ያጣሩ፤ አንድ ጊዜ የተከፈተ ለሁሉም ክፍት ነው።

ስለ ንባብ ክፍሉ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ፎቶ ያለበት መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይያዙ፤ የተመራማሪ ካርድ ይሰጥዎታል። እርሳስ እንጂ ብዕር አይፈቀድም፤ ቦርሳ ውጭ ይቀመጣል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ፎልደር ብቻ ይከፈታል፤ የወረቀቱ ቅደም ተከተል አይነካም፤ ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሣት ይቻላል። ፎቶ ሲያነሡ በመጀመሪያ የሳጥኑን ምልክት፣ ቀጥሎ የፎልደሩን ርእስ፣ ከዚያ ገጾቹን ያንሡ። ይህን ቅደም ተከተል ያልጠበቀ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ብዙ መቶ ሥዕል ይዞ ይቀራል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ወረቀቱን እንደ ሰንሰለት ማንበብ

አንድ ወረቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከማኅበረሰቡ የመጣ ደብዳቤ ሲያገኙ ሦስት ነገሮችን ይፈልጉ፤ ማን ዘንድ እንደ ተመራ፣ በጠርዙ ላይ ምን እንደ ተጻፈበት፣ መልሱ በማን ፊርማ እንደ ወጣ። በፕሬዚዳንቱ ስም የተጻፈ ደብዳቤ በበታች ሹም ፊርማ ከተመለሰ ያ ራሱ መልስ ነው። መልሱ በየቦታው ከሚላክ የተዘጋጀ ቅጽ የተቀዳ መሆኑን ለማወቅ በዚያው ሳምንት ለሌሎች ድርጅቶች ከተላኩት ጋር ያመሳክሩት፤ አንቀጾቹ ቃል በቃል ከገጠሙ ስለ አቋም ሳይሆን ስለ አሠራር እየነገሩዎት ነው። በፖስት ካርድ ዘመቻ የጎረፈውን ደብዳቤ በተመለከተ ቤተ መዛግብቱ በአብዛኛው ናሙና ብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ያገኙትን ቆጥረው «ይህን ያህል ሰው ጻፈ» ማለት አይቻልም።

ረቂቅና የመጨረሻውን ጽሑፍ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ፕሬዚዳንቱ በአደባባይ የተናገረው ሁሉ በይፋ በታተሙት የፕሬዚዳንቶች ንግግሮች ጥራዞች ውስጥ ስለሚገኝ፣ በማኅደሩ ካለው ረቂቅ ጋር ሲያስተያዩት የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር ይታያል። የተሰረዘው ብዙ ጊዜ ከተነገረው ይበልጣል። የግብዣ ዝርዝርም እንዲሁ ነው፤ የተጨመረውንና የተሰረዘውን ስም ይመዝግቡ። ስብሰባው በእርግጥ መካሄዱን ደግሞ ከፕሬዚዳንቱ የዕለት መዝገብ ያረጋግጡ፤ ይህ መዝገብ ፕሬዚዳንቱ በየትኛው ሰዓት ከማን ጋር እንደ ነበረ በደቂቃ ስለሚያሰፍር፣ ታቅዶ የቀረን ስብሰባ እንደ ተደረገ አድርጎ ከመጻፍ ያድናል።

አንድ ምሳሌ ላይ ቆም እንበል። የ1985 የጸደይ ወራት በብሬገር ዘመን ከሁሉ የተጨናነቁት ነበሩ። የሙሴ ዘመቻ ዜናው ወጥቶ በጃንዋሪ ከተቋረጠ በኋላ በሱዳን የቀሩትን ለማውጣት ከማኅበረሰቡና ከምክር ቤት ጫና በረታ፤ መቶውም የአሜሪካ ሴናተሮች ለሬገን በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ፈረሙ። በማርች የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን ከሱዳን በቀጥታ ወደ እስራኤል ወሰዱ። ምስጋናው ገና ሳይበርድ በኤፕሪል ሬገን ጀርመን ውስጥ ቢትበርግ የተባለውን፣ የናዚ ኤስኤስ ወታደሮች ጭምር የተቀበሩበትን መቃብር ሊጎበኝ መሆኑ ተሰማ። ከናዚ እልቂት የተረፈው ጸሐፊ ኤሊ ቪዘል ኤፕሪል 19 ቀን በዋይት ሃውስ ውስጥ፣ ፕሬዚዳንቱ ባሉበት፣ እንዳይሄዱ በግልጽ ለመነ፤ ሬገን ሜይ 5 ቀን ሄዱ። እንግዲህ በእነዚህ ሦስት ወራት የተጻፉ ማስታወሻዎችን የሚያነብ ሰው ምስጋናና ቁጣ በአንድ ፎልደር ውስጥ ተጣብቀው ማየቱ አይቀርም። ተመራማሪው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፣ በቢትበርግ ሳምንታት ለስብሰባ የተዘጋጁት የንግግር ነጥቦች የኢትዮጵያውያኑን መውጣት እንደ ማስታረቂያ ይጠቅሱታል ወይስ በምስጢርነቱ ጸንተው ይዘሉታል የሚለውን ነው። መልሱን አስቀድሞ ሳይገምቱ ከወረቀቱ ማውጣት ያስፈልጋል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ከግንኙነቱ ማኅደር ወደ ውሳኔው ማኅደር መሻገር

የማርች 1985ቱን በረራ ውሳኔ የሚፈልግ ሰው በብሬገር ሳጥኖች ውስጥ ብቻ ከቆየ አያገኘውም። በዚያ ወር መጀመሪያ ካርቱም ሄዶ ከሱዳኑ ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ጋር የተነጋገረው በወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረው ጆርጅ ቡሽ ነው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ የቡሽ የምክትል ፕሬዚዳንትነት ዘመን ወረቀቶች የሚገኙት በሬገን ቤተ መዛግብት ሳይሆን በኮሌጅ ስቴሽን ነው። ስለዚህ የማኅበረሰቡን ጫና በካሊፎርኒያ፣ የጉዞውን ዝግጅት በቴክሳስ ማንበብ ግድ ይላል። የብሔራዊ ጸጥታ ምክር ቤት ሠራተኞች ማኅደር ደግሞ በየቤተ መዛግብቱ ለብቻው የተዘረዘረ ነው፤ የአፍሪካ ክፍሉንም የመካከለኛው ምሥራቅ ክፍሉንም ይጠይቁ፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች ጉዳይ በሁለቱ መካከል የወደቀ ነበርና።

የ1991ም እንዲሁ ነው። ቡሽ የቀድሞውን ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትዝን በኤፕሪል ልዩ መልእክተኛ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ልኮ ነበር፤ ኤምባሲውን የሚመራው ሮበርት ሁዴክ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሜይ 21 ቀን ከአገር ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን በረራው ተጀመረ፤ ሜይ 28 ቀን ኢሕአዴግ ከተማዋን ያዘ። በዋይት ሃውስ የሕዝብ አገናኝ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ቦቢ ኪልበርግ ነበረች። በእርሷ ክፍል ወረቀቶች ላይ የሰሎሞንን ዘመቻ ምስጋና ከተከታተሉ በኋላ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 12 ቀን ምን እንደ ተፈጠረ ይዩ፤ ቡሽ እስራኤል የሶቭየት ስደተኞችን ለማስፈር የጠየቀችው የ10 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና እንዲዘገይ ፈልጎ፣ ለዚያ ወደ ዋሽንግተን የመጡትን ተከራካሪዎች በጋዜጣዊ መግለጫ ተናግሮ ማኅበረሰቡን አስቀይሟል። በአንድ ዓመት ውስጥ ያለውን ይህን መውጣትና መውረድ ያላየ ሰው የሜይን ደብዳቤዎች ብቻ አንብቦ ፍጹም ወዳጅነት የነበረ ይመስለዋል።

በአዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ የላካቸውን ቴሌግራሞች በተመለከተ፣ ከ1973 እስከ 1979 ያሉት ብዙዎቹ በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ የኢንተርኔት የመረጃ ቋት በነፃ ይነበባሉ። የደርግን የመጀመሪያ ዓመታት ለሚያጠና ይህ ከቤት ሳይወጡ የሚገኝ ሀብት ነው። ከዚያ በፊት ያለው የውጭ ጉዳይ ወረቀት በሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ነው።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ሌላውን ወገን ማዳመጥ

እያንዳንዱ ገቢ ደብዳቤ በላኪው ዘንድ ግልባጭ አለው፤ ከግልባጩም ጋር ደብዳቤው ለምን እንደ ተጻፈ የተከራከሩበት ቃለ ጉባኤ። ለቤተ እስራኤል ጉዳይ ዋነኛው ተከራካሪ በ1974 የተመሠረተው የአሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁዶች ማኅበር ነበር፤ ይህ ማኅበር ከመንግሥትም ከነባሮቹ ትልልቅ ድርጅቶችም ጋር ሲጋጭ የኖረ ነው። ስለዚህ በዋይት ሃውስ ማኅደር «የማኅበረሰቡ አቋም» ተብሎ የተጻፈው የማን አቋም እንደ ነበረ ለማጣራት፣ በኒው ዮርክ የአሜሪካ አይሁድ ታሪክ ማኅበርን፣ በሲንሲናቲ የአሜሪካ አይሁድ ቤተ መዛግብትን፣ እንዲሁም በኒው ዮርክና በኢየሩሳሌም ማኅደር ያለውን ጆይንት የተባለውን የእርዳታ ድርጅት ይጠይቁ። በእስራኤል ለሚኖር አንባቢ ደግሞ የመንግሥቱ ቤተ መዛግብትና ማዕከላዊው የጽዮናውያን ቤተ መዛግብት ሁለቱም ኢየሩሳሌም ውስጥ ናቸው።

በእነዚህ ሁሉ ወረቀቶች የሚጎድል ድምፅ አለ። ከጎንደር አካባቢ መንደሮች፣ ከአምቦበር ወይም ከወለቃ፣ ተነሥቶ በእግሩ ሱዳን የገባው ሰው በዋይት ሃውስ ማኅደር ሲገባ ቁጥር ሆኖ ነው የሚገባው፤ ሺዎች በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ማለቃቸውም በአንድ መስመር ይታለፋል። በመሆኑም ከሳጥኑ ያገኙትን ቀን ይዘው ወደ አዛውንቶቹ ይመለሱ፤ ወረቀቱ ስለዚያ ሳምንት ምን እንደሚል በአማርኛ ወይም በትግርኛ አንብበውላቸው የሚያስታውሱትን ይቅረጹ። በተቃራኒው ከትዝታ ተነሥቶ ወረቀት ከመፈለግ ይልቅ ይህኛው መንገድ ቀኖችን አያምታታም።

ስምንተኛ እርምጃ፦ መጥቀስና ማተም

ምንጭ ሲጠቅሱ የሰነዱን ዓይነትና ቀን፣ የፎልደሩን ርእስ፣ የሳጥኑን ወይም የ«ኦኤ» ቁጥሩን፣ የስብስቡን ስምና የቤተ መዛግብቱን ስም በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉ። በአማርኛ ሲጽፉም የፎልደሩን ርእስ በእንግሊዝኛው እንዳለ በማስታወሻዎ ላይ ይያዙ፤ ከትርጉም ተነሥቶ ሳጥን መጥራት አይቻልምና። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ በሥራው የጻፈው የቅጂ መብት የለበትም፤ ከድርጅት ወይም ከግለሰብ የመጣ ደብዳቤ ግን በማኅደሩ ውስጥ ስለ ተገኘ ብቻ መብቱ ከጸሐፊው አይወጣም፤ ሙሉውን ከማተም በፊት ፈቃድ ያስፈልጋል።

በአንዳንድ ፎልደሮች ውስጥ ዘመዶቻቸው እንዲወጡላቸው የሚለምኑ ሰዎች ያቀረቧቸው የስም ዝርዝሮች አሉ፤ የመንደር ስም፣ የልጆች ዕድሜ፣ አንዳንዴም የበሽታ ዓይነት ተጽፎባቸዋል። የመዛግብት ባለሙያው አልፏቸው በእጅዎ ከገቡ፣ ስሙን ከማተምዎ በፊት ቤተሰቡን ያግኙ፤ ማግኘት ካልተቻለ መንደሩንና ዓመቱን ብቻ ጠቅሰው ስሙን ይተዉት።